የአማቴ ዴስክቶፕ

«ልጁ ቤቴን አፍርሶ የራሱን ሠራበት» አሉ አማቴ። «ምን ላድርግ ጠጄ፣ ዝም አልኩ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ ዘመሮ፣ ሀዲስ ዘንድ እሄዳለሁ።»

ይህን የሰማሁት በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን ጠዋት፣ ጓሮ ከቧንቧው ሥር ፊቴን ሳሙና ተቀብቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እንደቆምኩ ነው። አማቴ መሪጌታ ይሥሐቅ የሱፍ ባናቸውን ተከናንበው ከጎረቤታችን ከእትዬ ጠጄ ጋር በቆርቆሮው አጥር በኩል ያወሩ ነበር። የከተማችን የመሐል ሜዳ የክረምት ጉም ሲወርድ አጥሩንም ሰውንም አብሮ ስለሚውጥ እኔ መኖሬን አላወቁም። «ልጁ» እኔ ነኝ። ስሜ ባስልዮስ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ፤ ፀጉሬ ከፊት መሸሽ ጀምሯል፤ ከተማው ውስጥ ፕሪንተር አልሠራ ያለው ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው። ለአማቴ ግን ከኋላዬ ሲያነሡኝ «ልጁ» ነኝ። ሳሙናው ዓይኔ ውስጥ እየገባ ቢለበልበኝም ውኃውን ብከፍት ስለሚሰሙኝ ታግሼ ቆምኩ። እትዬ ጠጄ ከንፈሯን ስትመጥ ሰማሁ። የእትዬ ጠጄ ከንፈር መምጠጥ ከተማውን ለመዞር ግማሽ ቀን እንደሚበቃው አውቃለሁ።

መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነበር። ባለቤቴ እሌኒ እናቷ ሲሞቱ አባቷን ከግሼ ያመጣቻቸው በእኔ ሙሉ ፈቃድ ነው፤ እንዲያውም «የእኔም አባት ናቸው» ብዬ ለቀስተኛ ፊት ተናግሬ አድናቆት አግኝቻለሁ። ሦስት ክፍል ቤታችን ውስጥ ፀሐይ የምትገባውን ክፍል ሰጠናቸው። ወንድሟ ሀዲስ ደግሞ ዘመሮ ውስጥ በሁለት ጠባብ ክፍል ከሚስቱ፣ ከልጆቹና ከሚስቱ እናት ጋር ተጨናንቆ ነው የሚኖረው። መሪጌታ የእኔን ቤት ትተው እዚያ ቢገቡ መንዝ ምን ይላል? አማች መሪጌታ አባረረ ይላል። ቀጥሎ የተሰማኝ ፍርሃት ነበር፣ እሱም እሌኒን መፍራት ነው። እናቷ በተቀበሩ ዕለት አባቷን ከዓይኗ እንደማትለይ ስትምል አጠገቧ ቆሜ ነበር።

እሌኒ ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ በዓል ዋዜማ ተረኛ ስለነበረች ቁርስ ላይ ለመውጣት ትቸኩል ነበር። ልነግራት ይገባኝ ነበር። የተናገርኩት ግን «ዶሮ ስንት ገባ?» የሚል ነው። «አትጠይቀኝ» አለች፣ ስልኳን እያየች። «በግስ?» አልኩ። «አንተ ደግሞ በጉን ትገዛ ይመስል» አለችና ጃንጥላዋን ይዛ ወጣች። አማቴ በሶአቸውን በእርጋታ ጨረሱና ጣታቸውን ጠረጉ። እንደ ሁልጊዜው ሁላችንም በሰላም ዝም ተባባልን።

«ቤቴን አፍርሶ» ያሉት ምናልባት የግሼውን ቤታቸውን ነው ብዬ ገመትኩ። ባለፈው ዓመት የጓሳ ሣር ክዳኑን አንስተን ቆርቆሮ አልብሰነው ነበር። እኔም ለመከላከያ የሚሆን ንግግር አዘጋጀሁ፤ ስለ ሣር መብሰስ፣ ስለ ቆርቆሮ ዕድሜ፣ ስለ እሳት አደጋ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩና «አባባ፣ ያ የግሼው ቆርቆሮ...» አልኩ።

«ምነው? አፈሰሰ?»

«አይ፣ አላፈሰሰም። ቅር ያሰኘዎት ነገር ካለ ብዬ ነው።»

«ቆርቆሮውማ እሰየው ነው። እግዜር ይስጥህ» አሉ፤ ባናቸውን አስተካክለው ብዕራቸውን አነሡ።

ያን ጊዜ ነው ብዕሩን ያየሁት። አማቴ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ወረቀት ዘርግተው በእጃቸው ይጽፋሉ፤ በስተቀኛቸው ኮምፒውተራቸው እንደ ሬሳ በነጠላ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ነጠላው ላይ ባርኔጣቸው አለ። ከሐምሌ ጀምሮ እንደዚህ ተሸፍኖ ነበር፤ እኔ ከአቧራ እየጠበቁት መስሎኝ በጥንቃቄያቸው ስኮራ ከርሜአለሁ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩን ላስረዳ። ኮምፒውተሩን ለአማቴ የሰጣቸው የድሮ ተማሪያቸው የነበረ፣ አሁን ደብረ ብርሃን የሚያገለግል ዲያቆን ነው። ሲስተሙ ሊኑክስ የሚባለው፣ በነጻ የሚገኘው ነው። የዚህ ሲስተም ጠባይ መልኩን መለወጥ መቻሉ ነው፤ ስትከፍተው የሚታይህ ነገር ሁሉ፣ መስኮቶቹ፣ ቁልፎቹ፣ ሰዓቱ፣ ዕቃ የምታስቀምጥበት ሥፍራ አንድ ላይ ዴስክቶፕ ይባላል፤ ዴስክቶፕ ደግሞ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ እያንዳንዱም አብረውት ያደጉ የራሱ ፕሮግራሞች አሉት። የአንዱን ፕሮግራም ሌላው ላይ ማስኬድ ይቻላል። የእንጀራ ልጅ ማሳደግም ይቻላል። ዲያቆኑ የሠራላቸው ዴስክቶፕ በእኔ ዓይን የቅዳሜ ገበያ ይመስል ነበር፤ ቀለሙ ደማቅ፣ ቁልፎቹ ትላልቅ፣ ሁሉ ነገር ሜዳ ላይ የተሰጣ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሥራ ፈታሁ፤ ሥራ የፈታ ባለሙያ ደግሞ ከጎርፍ ይከፋል። ያንን ገበያ ጠራርጌ አጠፋሁና እኔ የምወደውን፣ ጥቁሩን፣ ጸጥ ያለውን፣ አንዲት ነገር እንኳ በከንቱ የማትታይበትን ዴስክቶፕ ጫንኩላቸው። የሚጽፉበት ፕሮግራምም አብሮ ተጠረገ፤ «የተሻለ አለ» ብዬ በሌላ ተካሁት። ጠርቼ አሳየኋቸው። ጥቂት አዩና «ጥቁር ነው» አሉ። «ዘመናዊ ነው» አልኳቸው። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ምስጋና ነው ብዬ ተቀበልኩ፤ ጓደኞቼ ሲመጡም «አማቴ በሰባ ሁለት ዓመታቸው በዘመናዊ ዴስክቶፕ ነው የሚሠሩት» እያልኩ በነጠላ የተሸፈነ ኮምፒውተር አሳይ ነበር።

አሁን ነጠላውን አየሁ፣ ብዕሩን አየሁ፣ የፈረሰው ቤት የትኛው እንደሆነ ገባኝ።

«አባባ፣ ምን እየጻፉ ነው?»

«የነገውን። አጽዋማትና በዓላቱን። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እኔ እያወጅኩ ሕዝቡ በእጁ ይዞ እንዲከታተል አምና አባዝተን ነበር። ዘንድሮም አለቃ ጠይቀውኛል።» ወረቀቱን ወደ መብራቱ አቀረቡት። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር መስመሩ እንደ ተራራ መንገድ ይወጣል ይወርዳል። የዚህን ጽሑፍ ፎቶ ኮፒ ማንም ሊያነበው እንደማይችል እሳቸውም ያውቃሉ፤ እኔን ግን አልጠየቁም።

«ዛሬውኑ የድሮውን የጽሑፍ ፕሮግራምዎን እመልስልዎታለሁ» አልኩ፣ ከተለመደው ድምፄ አንድ እርከን ከፍ አድርጌ።

የስልኬ ኢንተርኔት ለዚያ ሥራ ስለማይበቃ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ጊዜ አወለቀኝ። ጥበቃው ተገኘ በር ላይ ብርድ ልብስ ለብሶ ተቀምጦ ነበር፤ ርእሰ መምህሩ ሳይፈቅድ በጳጉሜን እንዳላስገባ ተብያለሁ አለ። የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ በእኔ እጅ እንዳለ፣ ክፍሉንም ያደራጀሁት እኔ እንደሆንኩ በሰፊው አስረዳሁት። አድምጦኝ ሲያበቃ ሞባይሉን አውጥቶ «የበዓል ፊልም ትጭንልኛለህ?» አለ። ገባሁ። የትምህርት ቤቱ መስመር እንደ ሽማግሌ እያረፈ ነበር የሚሄደው። የፈለግሁት አንዲት ፕሮግራም ብቻ ነበር፤ እሷን ስጠራ ግን ያደገችበት ዴስክቶፕ ዘመድ አዝማድ ሁሉ አብሮ ተነሣ። ይቺ ያለዚያኛው አልገባም አለች፤ ያኛው ያለ ታላቅ ወንድሙ እንቢ አለ፤ ታላቅ ወንድሙ ደግሞ ፊደል የሚሥልለትን አጎቱን ጠራ። አንዲት ሙሽራ ላምጣ ብዬ ሠርገኛውን ሁሉ በፍላሽ ማግበስበስ ያዝኩ። ተገኘ ከአጠገቤ ቆሞ የበግ ዋጋ ያማርራል፤ «የዘንድሮ በግ በሱፉ ነው የሚሸጠው እንጂ ሥጋማ የለውም» ይላል። ድንገት ዝም አለና «መሪጌታ ዘመሮ ሊሄዱ ነው አሉ» አለኝ።

«ማን ነገረህ?» አልኩ።

«እትዬ ጠጄ ለሚስቴ ነግራት። እንኳን ደስ አላችሁ።»

ፊቱን አየሁት፤ ቀልድ ያለበት አይመስልም። አማቱን ከቤት ላስወጣ ሰው እንኳን ደስ አለህ የሚባልበት ዘመን ደረስን ብዬ አዘንኩ። ፊልሙንም እንደተናደድኩ ያለ ድምፅ ጫንኩለት፤ ይህን ያወቅሁት ኋላ ሲደውልልኝ ነው።

ቤት ስመለስ ቀኑ ተጋምሷል። አማቴ ነጠላውን ራሳቸው ገፈፉት፣ አጣጠፉት፣ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። ጫንኩት። ከፈትኩት። ፕሮግራሙ በእኔ ጥቁር ዴስክቶፕ ላይ ብቅ አለ፤ ደስታዬ ግን የቆየው እስኪያዩት ድረስ ነው። ለነጭ መደብ የተሠሩት ጥቁር ቁልፎቹ አሁን ጥቁር ላይ ስለተቀመጡ አንዳቸውም አይታዩም። አማቴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። «ዓይኔ ነው?» አሉ። «አይ፣ ቀለሙ ነው» አልኩና ማስተካከያውን ፈልጌ አበራሁት። ቁልፎቹ ታዩ፤ አንዳንዱ ትልቅ፣ አንዳንዱ ሰናፍጭ የሚያህል። አማቴ ጣታቸውን አፍታተው «መስከረም» ብለው ጻፉ። ስክሪኑ ላይ የወጣው በፈረንጅ ፊደል ነው።

«ፈረንጅ ሆኗል» አሉ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ።

የአማርኛ መጻፊያው ከእኔ ዴስክቶፕ ጋር እንጂ ከእንግዳው ፕሮግራም ጋር አልተዋወቀም ነበር። የሚያስተዋውቃቸውን ቁራጭ ከፍላሹ አገኘሁና አስገባሁ። አማርኛ መጣ። «እሰይ!» አልኩ፤ ያጨበጨብኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። አማቴ ሁለት መስመር ጽፈው ለማስቀመጥ ሲሞክሩ የእኔው ዴስክቶፕ የራሱን መስኮት ከፈተና «የት ላስቀምጥ?» ብሎ የማያውቋቸውን ሥፍራዎች ደረደረባቸው። አንዱን ተጫኑ። ጽሑፉ ተሰወረ። ስንፈልገው ፍላሼ ላይ፣ ከእኔ የኮምፒውተር ትምህርት ፈተና መካከል ተሸጉጦ አገኘነው። ይህን ሳስተካክል የፊደሉ መጠን አነሰ፤ የፊደሉን መጠን ስጨምር መስኮቱ ከስክሪኑ ወጣ። መብራት አንድ ጊዜ ሄዶ መጣ። እኔ ላብ አጠመቀኝ፤ በዚያ ብርድ ያላበው ሰው በከተማው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። አማቴ ሁሉንም «ደኅና ነው፣ ደኅና ነው» እያሉ ቆዩና በመጨረሻ እጃቸውን ከቁልፎቹ አነሡ።

«ልጄ» አሉ። «ፕሮግራሙስ የእኔው ነው፤ አወቅሁት። ግን እንግዳ ሆኗል። እንግዳ ደግሞ ሥራ አይይዝም፤ ይሳቀቃል።»

መልስ ነበረኝ። ስለ ተኳኋኝነት፣ ስለ ዴስክቶፖች ልዩነት፣ ከዓመት ዓመት ስለሚታየው መሻሻል ግሩም መልስ ነበረኝ። አፌን ስከፍት ያየሁት ግን ብዕራቸውን ፍለጋ በጠረጴዛው ላይ የሚዳብሰውን እጃቸውን ነው። ከተጋባን ጀምሮ እኚህን ሰው አንዲት ነገር እንዲያሳዩኝ ጠይቄ አላውቅም ነበር። «አባባ» አልኩ፣ «በፊት እንዴት ነበር የሚሠሩበት? ያሳዩኝ እስቲ።»

በባዶው ጥቁር ስክሪን ላይ በጣታቸው እየጠቆሙ አሳዩኝ። እዚህ ጋ ሰዓቱ ነበር፤ በእኛ ሰዓትና በእኛ ቀን የሚቆጥር፤ ዲያቆኑ ነው ያበጀልኝ አሉ። እዚህ ግራው ላይ አራት ትልልቅ ሣጥኖች ነበሩ፤ አንዱ የድጓ፣ አንዱ የአጽዋማት፣ አንዱ የደብዳቤ። ሌሊት ለማኅሌት ስነሣ ሳልነካው ከሩቅ አየው ነበር አሉ፤ ደማቅ ስለሆነ። አንዱ ሣጥን የምን እንደነበር ስጠይቃቸው «የእሌኒ እናት ፎቶዎች» አሉና ጣታቸውን ሰበሰቡ። ፎቶዎቹ አልጠፉም፤ ሌላ ቦታ ከትቻቸው እንደነበር አውቃለሁ፤ ይህን ስነግራቸው «አውቄአለሁ፣ አትጥልም ብዬ» አሉኝ። ያላወቁት የት እንደሆኑ ብቻ ነበር። እኔም አልነገርኳቸውም ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ሆነ። ከትምህርት ቤት ያመጣሁት ሠርገኛ ሙሉ ዴስክቶፑን ለማቆም የሚጎድለው ጥቂት ነገር ብቻ ነበር፤ የቀረውን በስልኬ ኢንተርኔት ጨረስኩት። ሁለቱን ዴስክቶፕ ጎን ለጎን አስቀምጦ ሲከፍቱ እየመረጡ መግባት ይቻል ነበር፤ ያ አሮጌ ማሽን ግን ለሁለቱ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። የእኔን ሳጠፋው ማሽኑ «እርግጠኛ ነህ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማሽን እንኳ እየጠየቀ ነው የሚያጠፋ፤ እኔ ሐምሌ ላይ አልጠየቅሁም። ጸጥ ያለው ውበቴ ሄደና ቅዳሜ ገበያው ተመልሶ ወጣ። ሣጥኖቹን በጠቆሙኝ ቦታ ደረደርኩ። አማቴ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ፣ ሰዓቱን አዩ፣ ከዚያም እንደ ዜማ ያለ ነገር በአፍንጫቸው እያንጎራጎሩ መጻፍ ጀመሩ። ዘመኑ የማን እንደሆነ፣ ነነዌ መቼ እንደምትገባ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ጻፉ፤ አንዴም ቀና ብለው አልጠየቁኝም። እኔ ግን አልተነሣሁም፤ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። «ይህቺን ፊደል ወፈር አድርጋት» ሲሉኝ አደረግኳት። «አይ፣ በዛች» ሲሉኝ ቀነስኳት። «አሁን ደግሞ ከሳች» አሉ። ተከራከርን። በዚያ ቤት ውስጥ ከአማቴ ጋር ድምፅ ከፍ አድርጌ ስከራከር የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ ይል ነበር።

እሌኒ የገባችው በዚህ መሐል ነው፤ ውጭ ማካፋት ጀምሮ ነበር። ጃንጥላዋ እየተንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመችና መጀመሪያ አባቷን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ ስክሪኑን አየች። ጀግንነቴን ለመናገር ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም አልኩ በልቤ።

«እንግዲህ አባባ፣ ዘመሮ መሄዱ ቀረ አይደል?»

አማቴ ወደ እኔ ዞሩ። «ለምን ይቀራል?»

«ምን ዘመሮ?» አለች እሌኒ።

«ጠዋት በአጥሩ በኩል ሲናገሩ ሰምቼ ነው» አልኩ፣ ድምፄ እየሳሳ። «ልጁ ቤቴን አፍርሷል፣ ሀዲስ ዘንድ እሄዳለሁ ሲሉ...»

መሪጌታ ይሥሐቅ ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ትከሻቸው መነቃነቅ ጀመረ፤ ባናው ከላያቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እሱ ሌላ፣ ይኼ ሌላ! ቤቱን ያልኩት ይኼን ነው» አሉ ስክሪኑን እየጠቆሙ። «ዘመሮ የምሄደው ለሀዲስ ልጅ ክርስትና ነው። ሰማንያዋን ልትደፍን ነው። ሳምንት ቆይቼ እመለሳለሁ።»

ተገኘ ለምን እንኳን ደስ አላችሁ እንዳለኝ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔም ለመሳቅ ሞከርኩ፤ እሌኒ ግን አልሳቀችም። «ክርስትናው መቼ እንደሆነ ለምን አልነገሩንም አባዬ?» አለች።

«ነግሬአችኋለሁ እንጂ። ሁለት ጊዜ።» ሳቃቸው ቀስ ብሎ ከፊታቸው ወረደ። ክስ አልነበረበትም አነጋገራቸው፤ እንዲያውም እኛን ላለማሳፈር የተጠነቀቁ ይመስሉ ነበር። «አንዴ የፍልሰታ ፍቺ ዕለት፣ አንዴ ባለፈው እሑድ በእራት ላይ። አንቺም ስልክሽን ይዘሽ፣ እሱም ስልኩን ይዞ። ምናልባት ድምፄ አንሶ ይሆናል። ከዚያ ለጠጄ ነገርኳት።»

እሌኒ ወደ እኔ አየች፤ እኔም ወደ እሷ። ባለፈው እሑድ ስልኬ ላይ የማየው የዴስክቶፕ ሥዕል እንደነበር አስታወስኩ።

«ሀዲስ የክርስትና ስሟን እርስዎ ይምረጡ አለኝ» አሉ አማቴ። «እኔም ወለተኪዳን ትባል ብዬ አሰብኩ። የእናትሽን። ቅር ይልሽ እንደሆነ ብዬ ነበር የጠየቅሁሽ። ‹እሺ አባዬ› አልሽኝ።»

የእሌኒ እናት ዓለማዊ ስማቸው ጥሩሸዋ ነበር፤ የክርስትና ስማቸውን እኔ የሰማሁት በፍትሐቱ ዕለት፣ ቄሱ ሲጠሩት ብቻ ነው። እሌኒ ያንን ስም ከዚያ ወዲህ ሰምታው እንደሆነ አላውቅም። ጃንጥላውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። እርጥብ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ አልጋ ልብሱ ይርጠብ አይርጠብ ሳትል፣ ከአባቷ ፊት ለፊት መደቡ ላይ ተቀመጠች።

«አልሰማሁም ነበር» አለች። «እንደገና ይንገሩኝ፣ አባዬ። ከመጀመሪያው።»

አማቴ ወንበራቸውን ከስክሪኑ ወደ እኛ አዞሩ። ገና «ሀዲስ ደወለልኝና...» ከሚለው ሳያልፉ እሌኒ የሚንቀጠቀጠውን እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘችው።